የተፋቀው ስድስተኛ ቤት

መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ምላጩን ብራናው ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ ይታየሽ እጇን በመካከል አስገባች።

"ልጄ፣ ጣትሽን እንዳልቆርጠው" አሉ።

"መጀመሪያ ልየው።"

ከሰቆጣ ብዙም በማትርቅ ደብር ደጀ ሰላም ውስጥ አምስት ሰዎች መዝገቡን ከበው ተቀምጠዋል፤ እሷና አባቷ ምንዋጋው፣ እጮኛዋ መንግሥቴና አባቱ አቶ ደግሰው፣ መሪጌታውም። ሠርጉ እሑድ ነው። እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ አይጋቡምና የሁለቱን ትውልድ ከአሮጌው የርስት መዝገብ ሊያስቆጥሩ ነበር የመጡት። የይታየሽ ሲነበብ ስድስተኛው ቤት ላይ "ገብረ አምላክ፣ ብረት ቀጥቃጭ" የሚል ተገኘ።

አቶ ደግሰው ፊታቸውን አዙረው እንትፍ አሉ። "የቀጥቃጭ ዘር ቤቴ አይገባም። ከተፋቀ ግን አላየሁም።"

"ይፋቅ" አሉ አባቷ፣ መሬት መሬቱን እያዩ።

ይታየሽ ገጹን ገልብጣ የመንግሥቴን ሐረግ አወጣች። እዚያም ስድስተኛው ቤት ባዶ ነው፤ ብራናው ሳስቶ ሻክሯል። መዝገቡን ወደ በሩ ብርሃን አጋደለችው። ቀለሙ ጠፍቷል፤ ብዕሩ የጫረው ግን አልጠፋም። ገ፣ ብ፣ ረ። ቀጥሎ አ፣ ም። መጨረሻው ላይ "ቀጥቃጭ" የሚለው ሙሉውን ይነበባል።

"ያው ሰውዬ ነው" አለች። "ዘመዳሞች ነን።"

ማንም አልደነገጠም።

"ማነው የፋቀው?"

"እኔ ነኝ" አሉ መሪጌታው ቀስ ብለው። "የመንግሥቴ እህት ሠርግ ጊዜ። ለምነውኝ።"

ወደ መንግሥቴ ዞረች። "አንተም ታውቅ ነበር?"

መንግሥቴ ፈገግ ለማለት ሞከረ። "አንድ ቤት እኮ ነው የጎደለን፣ ይቱ። ያንቺም ከተፋቀ ማን ይቆጥረዋል?"

"ለራስሽ ብዬ ነው" አሉ አቶ ደግሰው። "ቀጥቃጭ አያት አለኝ ብለሽ ልትኮሪ ነው?"

"የእርስዎም አያት ነው።"

"የእኔ የለም። እይው፣ ባዶ ነው።"

ይታየሽ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ረፋዱን ሰገራ ስትመረምር ቆይታ፣ እጇን ታጥባ ምሳዋን አጣጥማ የምትበላ ሴት ናት። አሁን ግን ምራቋ መረራት። መንግሥቴ ክንዷን ሲይዛት እርጥብና ቀዝቃዛ ነገር የተለጠፈባት መሰላት፤ ክንዷን ነጠቀችው፤ የነካትን ቦታ በነጠላዋ ጠረገች።

"ልጄ፣ ድንኳኑ ተተክሏል" አሉ አባቷ። "እናትሽ እንግዳ እየተቀበለች ነው። ምን ልበላት?"

መዝገቡን ወደ መሪጌታው ገፋ አደረገችው። "መሪጌታ፣ ቀለም ይዘዋል?"

"ይዣለሁ። ምን ልትጽፊ?"

"የሚጽፉት እርስዎ ነዎት። የእነሱን ባዶ ይሙሉት።"

"ከተጻፈ እኮ ሠርግ የለም" አለ መንግሥቴ።

"አውቃለሁ" አለች፤ የቀለሙን ቀንድ ራሷ ከፍታ ብዕሩን ለመሪጌታው አቀበለቻቸው።