ሳይፈረድበት የሚወጣው ካፒቴን

ጥሩነህ ክሪኬት የተማረው ደብረ ማርቆስ ነው ሲባል ሰው ይስቃል። እሱም አብሮ ይስቃል፤ እውነቱ ግን እውነት ነው። ሚስተር ቶማስ የሚባሉ ህንዳዊ የሒሳብ አስተማሪ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያደርጉት ሲጠፋቸው፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሰብስበው በገና ጨዋታ ዱላ ኳስ ያስመቱ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጥሩነህ ኦክላንድ ውስጥ የሆስፒታል አንሶላ በሚታጠብበት ላውንድሪ የሺፍት ሱፐርቫይዘር፣ እሁድ እሁድ ደግሞ የፍሩትቬል ክሪኬት ክለብ ካፒቴን ሆነ። ናይሮቢ በስደት ሳሉ ጨዋታው የለከፋቸው ስድስት ሐበሾች፣ ሦስት ፓኪስታናውያን ታክሲ ነጂዎች፣ አንድ የጉያና ፓስተርና እሱ፤ ቡድን ማለት ይኸው ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ይህን ያህል ይበቃል፦ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፤ የተመታችው ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች መቺው ወጣ። የፍሩትቬል ሰዎች እንደ ሰፈር ጨዋታ «ተቃጠለ» ነው የሚሉት። አንዳንዴ ታዲያ ኳሷ ዱላውን ዝንብ እንደሚነካ ነክታ ከኋላ ትቀለባለች። ከመቺው በቀር ማንም አይሰማም፤ ዳኛውም አያይም። እንዲህ ሲሆን ጤነኛ ሰው ደመና ደመናውን እያየ ባለበት ይቆማል። ጥሩነህ ግን ዱላውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ሳይፈረድበት፣ ራሱ ይወጣ ነበር።

«አንተ ሰውዬ» ይለው ነበር ምክትሉ ማንደፍሮ፣ ፍሩትቬል ባቡር ጣቢያ አጠገብ ጎማ ቤት ያለው፤ «የንስሐ አባትህ ሜዳ ላይ ቆመዋል እንዴ? ቢያንስ ዳኛው እስኪጠይቅህ አትጠብቅም?»

ወሬው ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ ተዳረሰ። እንዲህ ያለ ሰው በየትም አገር የሚገጥመው ዕጣ ገጠመው፦ ኮሚቴ ውስጥ አስገቡት። በ2012 ጉልበቱ እምቢ ሲለው ካፒቴንነቱን ለማንደፍሮ አስረክቦ የሊጉ ጸሐፊ ሆነ። ሜዳ ከከተማው ቡክ ማድረግ፣ ፕሮግራም ማውጣት፣ የሠላሳ ሁለት ካፒቴኖች ኩርፊያ በኢሜይል ማስተናገድ። አቤቱታ የሚሰማው ኮሚቴም በወረቀት ላይ ሦስት አባላት ነበሩት። አንዱ ቴክሳስ ገብቷል። ሌላው ስሙ አለ፤ ሰውዬው የለም። ዳኛው ጥሩነህ ብቻውን ነው።

በ2014 የውድድሩ ወቅት ሊያልቅ ሲል ፍሩትቬል በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰና የፕሌዘንተንን ቡድን በሁለት ነጥብ አሸነፈ። ፕሌዘንተኖች በሥራቸው ኢንጂነሮች ናቸው፤ ሻንጣቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ሽንፈታቸውንም በግራፍ ያስቀምጣሉ። ጉድ ያደረጋቸው ክንፉ ነበር፤ በዲቪ በመጣ በስድስት ወሩ ጥሩነህ ራሱ ላውንድሪ ውስጥ አግኝቶ ለክለቡ የመለመለው ልጅ። ማታውኑ አቤቱታ ደረሰ፦ ለግማሽ ፍጻሜ አራት ጨዋታ መጫወት ግድ ነው፤ ክንፉ የተጫወተው ሦስት ነው።

የሚያከራክረው አራተኛው፣ የሚያዝያው ጨዋታ ነው። ሳንቲም ተጥሎ ማን ቀድሞ እንደሚመታ ከታወቀ በኋላ የከተማው ስፕሪንክለር በራሱ ተከፍቶ ሜዳውን ረግረግ አደረገውና ሁሉም ወደ ቤቱ ገባ። ሕጉ ለዚህም መልስ አለው፦ ሳንቲም ከተጣለ ጨዋታው እንደተካሄደ ይቆጠራል። ይህን ሕግ በ2009 ተሟግቶ ያስጸደቀው ደግሞ የያኔው የፍሩትቬል ካፒቴን ጥሩነህ ነው።

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል?» አለችው ሚስቱ ጽጌ፣ ለሥራ የምትለብሰውን እየተኮሰች። «ሕጉ ለማን ነው?»

«ሕጉማ ለእነ ማንደፍሮ ነው።»

«እና ፍረድላቸዋ።»

«ሕጉን ያወጣሁ እኔ። ክለቡ የእኔ። ልጁን ያመጣሁት እኔ። ሰው ምን ይላል?»

«የትኛው ሰው?»

ጥሩነህ ሊነግራት አፉን ከፈተ። አንድም ስም አልመጣለትም። ሆኖም ያ ስም የሌለው ሰው ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ኖሯል። ደብረ ማርቆስ ከአባቱ ጀርባ ቆሞ ያየው ነበር፤ ቪዛ ሳይጠይቅ ተከትሎት ኦክላንድ ገብቷል። ሌላ ዳኛ ለወገኑ እንዳያዳላ ይፈራ ይሆናል። ጥሩነህ የሚፈራው አዳላ እንዳይባል ነው። የሁለቱ ፍርሃት መልክ አንድ ስለሆነ እስከ ረቡዕ ተምታታበት።

ረቡዕ ፍርዱን ጻፈ፦ ውሃ የበላው ጨዋታ ጨዋታ አይደለም፤ ፕሌዘንተን ለፍጻሜ አልፏል። ሲልከው ሰውነቱ ቀለለው። ብብቱ ሥር ያ የድሮው ዱላ ያለ መሰለው።

ማንደፍሮ ደወለ። ይጮሃል ብሎ ስልኩን ከጆሮው አርቆ ያዘ። አልጮኸም።

«ኢሜይልህን አነበብኩት።»

«ማንዴ፣ አንተ ራስህ ብታስበው...»

«አስቤዋለሁ። ያኔ ሳይፈረድብህ ስትወጣ እበሳጭብህ ነበር፤ ግን አንተ ነበርክ የምትወጣው። አሁን ለስምህ ብለህ የምታስወጣው እኛን ነው። በል ደህና ዋል፣ ጎማ ፈትቼ ነው ያለሁት።»

ሐሙስ ጥሩነህ ለፍጻሜው የሚሆኑትን አዲስ ኳሶች ለማድረስ ፕሌዘንተን ወደሚገኘው የሱሬሽ መሥሪያ ቤት ሄደ። ሱሬሽ የፕሌዘንተን ካፒቴን ነው፤ ሎቢ ድረስ ወርዶ ተቀበለው። ኳሶቹን ተቀብሎ አልሄደም።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ በእንግሊዝኛ። «አቤቱታውን የጻፍኩት የቡድኔ ልጆች አላስቀምጥ ስላሉኝ ነው። ሕጉ አንተ ያወጣኸው ነው፣ እንሸነፋለን ብያቸው ነበር። ስትፈርድልን ደነገጥኩ።»

«ጥያቄው የቱ ላይ ነው?»

«የሚያዝያው ጨዋታ ከማን ጋር እንደነበር ታስታውሳለህ? ከእኛ ጋር ነበር። ከእኔም ሁለት ልጆች አራት የሞላላቸው በዚያ ቀን ነው። ትናንት ማታ ነው ያየሁት። በአንተ ፍርድ ከሄድን፣ እነሱም ባለፈው እሁድ እናንተ ላይ ሲወረውሩ ሕገ ወጥ ነበሩ። የፊታችን እሁድ ላሰልፋቸው ወይስ ልተዋቸው?»

ጥሩነህ የዚያን ቀን ስም ዝርዝር ከፍቶ አላየውም ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ያየው የሰውን ፊት ነው፤ ያውም በሐሳቡ።

ፓርኪንግ ውስጥ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። የጋለ መሪ ላይ ክንዱን አስደግፎ በስልኩ መጻፍ ጀመረ። ሁለት ጊዜ ሰበብ ጻፈ፤ ሁለቴም ሰረዘው። የቀረው አጭር ነበር፦ «የረቡዕ ፍርዴ ስህተት ነው። ሕጉን ትቼ ስሜን ጠበቅሁ። የግማሽ ፍጻሜው ውጤት ይጸናል፤ እሁድ ፍጻሜውን የሚጫወተው ፍሩትቬል ነው። ከእንግዲህ በፍሩትቬል ጉዳይ እኔ አልፈርድም፤ የጎደሉት ሁለት አባላት ይተኩ።»

ከላከው በኋላ አልቀለለውም። ያ ስም የሌለው ሰው በመጨረሻ ስም አገኘ፤ ያውም የአሥራ አንድ ካፒቴኖች ስም፣ ሁሉም ለሊጉ ሰው በሙሉ በሚደርስ ሪፕላይ ኦል። አንዱ «ደም ከውሃ ይወፍራል» አለ። አንዱ ፕሌዘንተን በይፋ ይቅርታ ይጠየቅ አለ። አንዱ ሊጉን ጥሎ ሊሄድ ዛተ፤ እሱ እንኳ በየዓመቱ ነው የሚዝተው። ጥሩነህ አንድ በአንድ አነበባቸውና ለአንዱም አልመለሰም። ጽጌ ከትከሻው በላይ አይታ፣ «ይኸው፣ ሰው አለ። ሞትክ?» አለችው። አለመሞቱን አምኖ ራት በላ።

እሁድ ሳን ሆዜ ላይ ፍሩትቬል በፍጻሜው ተቀጠቀጠ። ጥሩነህ እንደ ባለሥልጣን ሳይሆን እንደ ተመልካች ከሜዳው ዳር በታጣፊ ወንበር ተቀምጧል። ማንደፍሮ ተቃጥሎ ሲወጣ አጠገቡ ሣሩ ላይ ተዘረጋ። ከረቡዕ ወዲህ አልተነጋገሩም።

«ለዚህ ነው የፈረድክልን?» አለ ማንደፍሮ ጓንቱን እየፈታ። «ዝም ብትል እኮ በክብር እቤታችን ነበርን።»

«ሕጉ ነዋ።»

«ሕጉ ረቡዕም ነበር።»

«አዎ፤ ነበር» አለ ጥሩነህ።

ማንደፍሮ በአገጩ ወደ ዛፉ ጥላ ጠቆመ። ክንፉ ብቻውን ተቀምጦ የእግሩን መከላከያ ይፈታል። በመጀመሪያው ኳስ ነበር የወጣው።

«እሱን አየኸው? ኳሷ ነካችው አልነካችው ማንም አላየም። ዳኛው ራሱን ነቅንቆ ነበር እኮ፣ ‹አልተቃጠልክም› ብሎ። ዱላውን ሸጉጦ ወጣልህ። በፍጻሜ! ማን እንዳስተማረው እኔ አላውቅም።»

ጥሩነህ ያንን መንገድ ያውቀዋል፤ ከሜዳው መሃል እስከ ዛፉ ጥላ ሲመለሱት ይረዝማል፤ ሲደርሱም ሁሉም ዓይን ላለማየት ጫማውን ማሰር ይጀምራል።

ማንደፍሮ ከማቀዝቀዣው አንድ ጠርሙስ ውሃ አውጥቶ በረዶውን አራገፈና ጥሩነህ ጭን ላይ ጣለው።

«አንተ ውሰድለት። እኔ ከሄድኩ እሰድበዋለሁ።»

ጥሩነህ ጉልበቱን ይዞ ተነሣ።