ኦርጋኑ ላይ የተኛው

«አይገባም! ፈቃደ ላይ ሲስቅ የነበረ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?»

ፋንቱ ድምፅዋን ቀንሳ ብትናገርም ድንኳኑ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። ከወልቂጤ ቡታጅራ ድረስ ለልቅሶ የመጣው ደምሴ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በር ላይ ቆሟል።

ዓለምዘውድ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ከእህቷ ከፋንቱ አሻግራ ደምሴን ተመለከተችው። ባሏ ፈቃደ የሞተው ቅዳሜ ዕለት የደምሴ ልጅ ሠርግ ላይ ኦርጋን ሲጫወት ነው። ዘፈኑ መሐል ግንባሩን ኦርጋኑ ላይ ደፋ። ሠርገኛው አውካካ፤ እንደ ልማዱ የተኛ መስሏቸው።

ልማዱ የጀመረው አረቅጥ ከተማ ነው። ያኔ ፈቃደ በኪነት ቡድን ውስጥ ኮስታራ ወጣት ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ ሜዳ ሙሉ ሕዝብ ፊት ሲጫወት ጄኔሬተሩ ቀጥ አለ። የሚያደርገው ቢጠፋው ኦርጋኑ ላይ ተደፍቶ ማንኮራፋት ጀመረ። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ደንግጦ ብድግ አለና ካቆመበት ቀጠለ። ሕዝቡ ዘፈኑን ረስቶ «ይተኛልን! ይተኛልን!» እያለ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ ፈቃደ ያልተኛበት ሠርግ ሠርግ አልመስል አለ። ዓለምዘውድም የወደደችው ተኝቶ አይታው ነው። ቤት ውስጥ ግን እንቅልፍ የሚባል አያውቅም፤ አዲስ ቀልድ ሲመጣለት እሷንም ይቀሰቅሳት ነበር።

«ይግባ» አለች።

ደምሴ ገብቶ ፊቷ ተንበረከከ።

«እህቴ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጌ ‹ተነሳ እንጂ፣ ሙሽሮቹ ቆመው ቀሩ!› ያልኩት እኔ ነኝ። ሰው እያሳቅኩበት። ለካ ሞቷል!» እንባው ቀደመው።

ዓለምዘውድ ይህን ሰው ልትጠላው ከቅዳሜ ጀምሮ ስትታገል ነበር።

«ሲደፋ ወዲያው ነው የሳቃችሁት?»

«ወዲያው። ሕፃን አዋቂው።»

«ሰምቶ ይሆን?»

ደምሴ ቀና አለ። «ፈገግ ብሎ ነበር እኮ። እኛንም ያሳሳተን እሱ ነው።»

ከቀብር መልስ እንቢ ያላት እንባ አሁን መጣ። አልጠረገችውም።

«እንኳን ሳቃችሁለት» አለች። «የለፋው ለዚያ ነው። ሰምቶት ከሄደ እኔ ምን እፈልጋለሁ? እግዜር ይስጥልኝ።»

ፋንቱ ፊቷን ወደ ድንኳኑ ጥግ አዞረች። ዓለምዘውድ ጠጋ ብላ ፍራሹ ላይ ቦታ ለቀቀች፤ ከጀርባዋ ያለውን ትራስ ስባም ከጎኗ አቆመችው።

«ደገፍ ይበሉ፣ ጋሽ ደምሴ» አለችው።