በኑግ የተዘጋችው ባቡር

ባሌ አንሙት ከድሬዳዋ ሲመለስ ይዞልኝ የመጣው የታመመ ወገብና አንድ ሣጥን ሞረድ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄ ያገኘሁት ይኸው ነበር። እርሻው ጦሙን እያደረ እሱ ጓሮ ካለችው ጎጆ ተቀምጦ ብረት ሲሞርድ ይውላል። ምን እየሠራህ ነው ስለው፣ «ባቡር» ይለኛል። ከደብረ ማርቆስ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ፣ ሐዲድ በሕልሙ እንኳ ታይቶት በማያውቅ አገር፣ ባቡር።

ጣሊያን ከገባ ወዲህ በየሜዳው የማይጠፋው ነገር ቀለሃ ነው። ሌላው ሰው ከተኩስ ሲሸሽ አንሙት ጎንበስ ብሎ ቀለሃ ይለቅም ነበር። የመድፉን ቀለሃ ውሃ ማፍያ አደረገው። የጠመንጃውን ደግሞ ፒስቶን የሚላት ነገር የምትመላለስበት ጉሮሮ አደረገው። መንኮራኩሯን ከድስት ክዳን ቆርጦ አወጣት፤ ክዳኑ የኔ ነበር። እንፋሎቱ ፒስቶኗን ይገፋል፣ ፒስቶኗ መንኮራኩሯን ታዞራለች፤ ይህን መቶ ጊዜ አስረድቶኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን አንድም ቀን አልዞረችም። ወይ እንፋሎቱ ያመልጣል፣ ወይ ብየዳው ይለቃል። እኔም ክዳን በሌለው ድስት ወጥ እየሠራሁ ዝም አልኩ። ስለደከመኝ ነው እንጂ ትዕግሥት ኖሮኝ አይደለም።

ሌላም የሚያደክመኝ ነገር ነበር። በኛ አገር ብረት የሚነካ ሰው እንዴት እንደሚታይ ማንም ያውቃል። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባላል፤ ሲያልፍ ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። አንሙት የገበሬ ልጅ ነው፣ ግን ማን ይሰማል። ጣሊያን ከገባ በኋላ እሱ ራሱ፣ ድሬዳዋ ምን ትሠራ ነበር ሲሉት፣ «ኩሊ ነበርኩ፣ ጆንያ ነበር የምሸከመው» ማለት ጀመረ። ያንን የሚያህል ሞተር ፈትቶ የሚገጥም ሰው። እኔ ከሐሜት የሚሸሽ መሰለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ደስም አለኝ። ጎረቤት ሲጠይቀኝ እኔም ጆንያ ተሸካሚ ነበር እያልኩ ኖርኩ።

በሠላሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በቅበላ ዕለት፣ ባቡሯ ዞረች። በግ አርደን ነበር። አንሙት ትኩሱን ሞራ አቅልጦ፣ ፈትል ነክሮበት፣ እንፋሎቱ እንዳያመልጥ ፒስቶኗ ላይ ጠመጠመውና ከሥሯ ፍም አደረገ። ጥቂት ቆይታ አስነጠሰች፤ ከዚያ የድስቴ ክዳን መዞር ጀመረ። አንሙት አልሳቀም። ወገቡን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ለክዳኔ ይሁን ለሱ አላውቅም።

«ሞራ ብቻ አይለያት» አለኝ ዓይኑን እየጠረገ። «ሞራ ካገኘች ዕድሜ ልኳን ትዞራለች።»

በማግስቱ ሁዳዴ ገባ። ቅቤና ሥጋ የነካውን ዕቃ ሁሉ በአመድ ፈተግሁ። በሁዳዴ ሞራ ከቤቴ ውሎ አያውቅም፣ ከእናቴም ቤት ውሎ አያውቅም። ማሰሮዋን ከነሞራዋ አጥሩ ሥር ቀበርኳት። አንሙት በሦስተኛው ሳምንት ይጁቤ ገበያ ሲሄድ፣ ፒስቶኗን ዝገት እንዳይዛት ቀባ ቀባ አድርጊያት ብሎኝ ወጣ። እኔ የጾም ነገር ነው ብዬ የኑግ ዘይት አንቆረቆርኩባትና ብርድ እንዳይመታት ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኳት። ሲመለስ አልነገርኩትም። ሞራዬን ቀበርሽው ብሎ እንዳይነዘንዘኝ ነው።

በሳምንቱ ወታደሮች መጡ። ማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም፣ አንድ የሰፈር ሰው አንሙት ቦምብ ይሠራል ብሎ ጠቁሞብን ኖሯል። ቤቱን በረበሩ፣ ሞረዱን ሁሉ በተኑ፣ ባቡሯን በነጠላዬ ጠቀለሏት። እሱን የፊጥኝ አስረው ወደ ደብረ ማርቆስ ምሽግ ወሰዱት። በዚያ ጊዜ አንድ ጥይት የተገኘበት ሰው ይሰቀል ነበር። ወንድሜ በላቸው ደግሞ ጫካ ነው፣ ከአርበኞቹ ጋር። ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም፤ ጾሙም አልነበረም የከለከለኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ለምሽጉ ማገዶ የሚሸጠው ጎረቤታችን ወልደ ሚካኤል መጣ።

«ዛሬ በጣሊያኑ ካፒቴን ፊት እንዲያስነሣት ታዟል» አለኝ። «ከዞረች መጫወቻ ናት፣ ካልዞረች ቦምብ ናት ነው የሚሉት።»

ትዞራለች አልኩት። ባሌ በሥራው የሚታማ ሰው አይደለም። ወልደ ሚካኤል እንደወጣ የሚበላ ነገር ልይዝለት ተነሣሁና ምድጃው ዳር ያለውን የኑግ ጣሳ አነሣሁ። ጣሳው ከመደቡ ጋር ተጣብቋል። ከውስጥ ጣቴን ባስገባ ዘይቱ ሙጫ ሆኗል፤ ተስቦ አይላቀቅም። ያቺ ፒስቶን እዚያች ጠባብ ጉሮሮ ውስጥ ምን እንደሆነች ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ባሌን በገዛ እጄ ገመድ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

አጥሩ ሥር በጥፍሬ ቆፍሬ ማሰሮዋን አወጣሁ። በሁዳዴ ሞራ በእጄ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እንዶድና አመድ በጨርቅ ቋጥሬ ሮጥኩ። ምሽጉ በር ላይ ዘበኞቹ እንዶዱን ሲያዩ ልብስ አጣቢ መስያቸው አሳለፉኝ።

ግቢው መሐል ጠረጴዛ ላይ ባቡሯ ታፏጫለች። ውሃው ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ ይወጣል፣ መንኮራኩሯ ግን ንቅንቅ አትልም። አንሙት እጁ ተፈትቶ አጠገቧ ቆሟል። ካፒቴኑ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እኔ ያ ሳቅ ሰው ሊሰቅል የተዘጋጀ ሰው ሳቅ መሰለኝ፤ አንሙትን ሳላይ በቀጥታ ወደ አስተርጓሚው ሄድኩ። ፍቅረ ሥላሴ የሚሉት ልጅ እግር ነው።

«እናቴ፣ ምን ፈልገው ነው?» አለኝ።

«ያበላሸኋት እኔ ነኝ በልልኝ። ኑግ አድርጌባት ነው። ቦምብ አይደለችም፣ ትዞራለች።»

«ወለላ፣ ተይው» አለ አንሙት በዝግታ። «ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ለኔ አዝኖ መሰለኝ። እኔን ከጣጣው ሊያወጣ። ስለዚህ ይልቁን በረታሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ያፈርኩበትን ነገር ያን ቀን በኩራት ተናገርኩት።

«ባሌ ኩሊ አልነበረም» አልኩ። «ድሬዳዋ አሥራ አንድ ዓመት የባቡር ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። እጁ የማይችለው ብረት የለም። ጊዜ ስጡኝና አጥቤ ላሳያችሁ።»

ፍቅረ ሥላሴ አንዴ እኔን፣ አንዴ አንሙትን አየ። ከዚያ ተረጎመው። ካፒቴኑ ሳቁን አቆመ።

እንዲያጥባት አዘዘው። አንሙት ቆሞ ቀረ፤ እጁን ማንሣት ያቃተው ይመስል ነበር። ሰውነቱ ዝሎ ነው ብዬ እኔው ጀመርኩት። በፈላ ውሃ፣ በአመድ፣ በእንዶድ አሸኋት። ሙጫው እንደ ቆዳ እየተላጠ ወጣ። ሞራውን ቀባኋት። ፒስቶኗን እንዴት እንደሚመልሳት ስለማላውቅ እሷን እሱ መለሳት፤ ወታደሩ በሰደፍ ጎንተል አድርጎት ነው።

ፍሙ ተጨመረ። አስነጠሰች፣ ከዚያ ዞረች። እንደዚያ ፈጥና ዞራ አታውቅም። ወታደሮቹ ተሰብስበው አጨበጨቡ። ካፒቴኑ በርከክ ብሎ እንደ ሕፃን አፉን ከፍቶ አያት። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ሰውየው ተነሣ፣ የአንሙትን ሁለት እጆች ይዞ ገለባብጦ ተመለከተ፣ ግቢው ዳር ወደተደረደሩት የተበላሹ መኪናዎች ጠቆመ።

«ከነገ ጀምሮ ጋራዥ ይገባል» አለኝ ፍቅረ ሥላሴ፣ ዓይኔን ሳያይ። «ሞተር የሚያውቅ ሰው ሲፈልጉ ከርመዋል።»

«ወደ ቤቱስ?»

ፊቱን አዙሮ ወደ ካፒቴኑ ሄደ።

ከአንሙት ጋር ጥቂት እንድንነጋገር ተውን። ግንቡ ሥር ተቀመጥን።

«ሊለቁኝ ነበር» አለኝ።

«መቼ?»

«ከመምጣትሽ በፊት። ውሃ ከማፍላት በቀር ምንም እንደሌላት ሲያይ፣ ባቡር አይቶ ያበደ ኩሊ ነው ብሎ ካፒቴኑ ሲስቅብኝ ነበር። ይሂድ ብሎ ነበር።»

«ኑጉን አውቀህ ነበር?»

«የያዙኝ ዕለት ጠዋት ሳዞራት እምቢ አለችኝ፤ ሳሸታት ገባኝ። ጾም የማትሽሪ መሆንሽን አውቃለሁ። እዚህ ስደርስ ግን እግዜር የላከልኝ መስሎኝ ነበር።»

ታዲያ ለምን ኩሊ ነኝ ትል ነበር አልኩት።

«አንቺ ለምን መሰለሽ?»

«ቀጥቃጭ እንዳይሉህ።»

ሞራ የነካውን እጁን በአፈር አሸ። ተቆጥቶ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«በላቸው ወዳለበት ጫካ ወታደር የሚጭነውን መኪና እንዳልጠግን ነበር» አለኝ። «ሞተር የሚያውቀውን ሁሉ እየለቀሙ እንደሚወስዱ፣ ያኔ ጣሊያን እንደገባ ይጁቤ ገበያ ሰምቼ ነበር። ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ደከመኝ መሰለኝ።»

ይቅር በለኝ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ይቅር ማለቱ ይሁን ከንቱ ነው ማለቱ እስከዛሬ አልለየሁትም። ስወጣ ካፒቴኑ መጫወቻውን ትውሰድ ስላለ ባቡሯን በነጠላዬ ጠቅልለው ሰጡኝ። ገና ትሞቃለች። ባሌን ትቼ እሷን አዝዬ ገባሁ።

ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ በሶና ቆሎ ይዤለት በጋራዡ አጥር አየው ነበር። እጁ በዘይት ጠቁሮ፣ ወገቡ ጎብጦ። ስለ መኪናዎቹ አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልነገረኝም። በዓመቱ፣ ያው በሁዳዴ፣ ጣሊያን ከተማውን ለቆ በዓባይ በኩል ወደ ሸዋ ወጣ። በላቸው ከጫካ በሰላም ገባ። አንሙትን ግን መንገድ ላይ የሚቆመውን መኪና እንዲያስነሣ ብለው በመጨረሻው መኪና ጭነውት ሄደዋል። ያየው ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

አሁን ሰው እየመጣ ያቺን ባቡር አሳዪን ይለኛል። አዲሱ ሹምም አንድ ቀን መጥቶ ጠይቆኛል። ተበላሽታለች፣ አትዞርም፣ የሠራትም ኩሊ ነበር እላቸዋለሁ። በየወሩ የኑግ ዘይት አንቆርቁሬ ምድጃው አጠገብ አስቀምጣታለሁ። እንዶዱን አድርቄ ምሰሶው ላይ ሰቅዬዋለሁ። አንሙት ሲመጣ እሱ ያጥባታል።