ሳትዳር አልሞተችም

«ዳስሽን ልንጥል፣ ሚዜ ስንመርጥልሽ፤
ሞት ቀድሞን ገባና፣ ሙሽራ አደረገሽ።»

አልቃሿ ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ደረታቸውን በመዳፋቸው እየመቱ ሙሾውን ሲደግሙት፣ ፍራንክፈርት፣ ፕሮይንገስሃይም ሰፈር ያለውን አፓርታማ ሳሎን የሞላው ለቀስተኛ «ወይኔ ልጄ፣ ሳትዳሪ!» እያለ ተቀበላቸው። ከግድግዳው ሥር ፍራሽ ላይ የተቀመጡት መሪጌታ ተኽለሚካኤል ግን አብረው አላለቀሱም። ትናንት ከቀብር ሲመለሱ እንባቸው ጢማቸውን አርሶት ነበር። አሁን እንባውን ገፍቶ የመጣው ቍጣ ነው።

ሟቿ አንዲት ልጃቸው ያለምዘውድ ናት። ያለምዘውድ ደግሞ ሳትዳር አልሞተችም። በአገሩ ሕግ ፊት ተጋብታ ሰባት ዓመት በትዳር ኖራለች። የትዳር ጓደኛዋ ሳፍያ እዚሁ ቤት ናት፤ ወጥ ቤት ቆማ የለቀስተኛውን ብርጭቆ ታጥባለች።

በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር የወጥ ቤቱ ወሬ ከመሪጌታ ጆሮ ይደርሳል።

«አንቺዬ፣ ስኳሩ ያለበትን እንዴት አወቅሽው?» አለች ሻይ ልትቀዳ የገባች ሴት።

«ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» አለች ሳፍያ።

«ለመሆኑ ምኗ ነሽ?»

ሳፍያ የውኃውን ቧንቧ ከፈተች። ያለምዘውድ ባረፈች ዕለት የዕድሩ ሊቀ መንበር ባሕሩ «ለአባትየው ክብር ስትዪ ምንም አትናገሪ» ብሎ አስምሏት ነበር። በእሷ ፈንታ ሌላ እንግዳ መለሰች።

«ቬጌ ናቸው እኮ። ቤት ተጋርተው ነው የሚኖሩት። የፍራንክፈርት ኪራይ ይቀመሳል እንዴ?»

«በአርባ ዓመቷ ቬጌ? ተማሪ ናት እንዴ!»

የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ከዚያም የብርጭቆው መታጠብ ቀጠለ።

መሪጌታ ይህ ትዳር እንዲኖር ወድደው የነበሩ ሰው አይደሉም። በጎንደር ቅኔ ቤት ያደጉ፣ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ የምትለውን ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ ከዚያም ውልፍት የማይሉ ናቸው። ያለምዘውድ ሰሌዳ ተሸክማ ቪስባደን በሚገኘው የክልሉ ምክር ቤት ደጃፍ፣ የሄሰን መንግሥት ሴትና ሴት፣ ወንድና ወንድ እንዲጋቡ ለሚፈቅደው ሕግ ድምፁን እንዲሰጥ ስትጮኽ በዋለችባቸው ጊዜያት፣ አባትና ልጅ ለምሳ በተገናኙ ቍጥር እንጀራው ሳይነካ ክርክር ይጀመር ነበር።

«ተመዝግባችሁ አብራችሁ እንድትኖሩ ተፈቅዶላችኋል» አሏት አንድ ቀን፣ ከሰልፍ ስትመለስ ልብሷ እንደራሰ። «ከዚህ ወዲያ ምን ቀረሽ?»

«ስሙ ቀረኝ፣ አባባ። በየቅጹ ላይ ላገባ ሰው አንድ ሣጥን አለ፤ ለእኛ ደግሞ ከእሱ የተለየ ሌላ ሣጥን። እኔ ያገባች መባል ነው የምፈልገው።»

«ይህ ሁሉ ጩኸት ስለ አንዲት ቃል ነው?»

«ሊቃውንቱስ ስለ አንዲት ቃል አልተጋዙም? አልተሰደዱም? ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ!»

መሪጌታ እጃቸውን ወደ እንጀራው ሰደዱ። መስማማታቸው ግን አልነበረምና፣ ሕጉ በበርሊን ጸድቆ የጋብቻዋ ቀን ሲደርስ በአዳራሹ አልተገኙም። እሷም አልደበቀቻቸውም። በዋዜማው ኒደርራድ ሰፈር ወዳለው ክፍላቸው መጥታ «ነገ አገባለሁ። እንደማይመጡ አውቃለሁ፤ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ ብዬ ነው» አለቻቸው፤ ጉልበታቸውንም ስማ ሄደች። ያለምዘውድ እንዲህ ነበረች። የምትጠላውን በግልጽ ትጠላለች፤ የምትወደውንም በአደባባይ ትወዳለች። በሹክሹክታ የኖረችው አንዲት ቀን እንኳ አልነበረችም።

ዛሬ ግን በሹክሹክታ ከበቧት።

ባሕሩ የጃኬቱን ቁልፍ እየቈለፈ መጥቶ አጠገባቸው ቍጢጥ አለ።

«መሪጌታ፣ ካህናቱ ለጸሎት መንገድ ላይ ናቸው። ያቺ ልጅ ለጊዜው ወጣ ብትል ይሻላል። ሰው መጠየቅ ጀምሯል።»

«ወዴት ትውጣ?»

«ወደ ቤቷ ነዋ።»

«ቤቷ የት ነው፣ ባሕሩ?»

ባሕሩ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አሸሸ። ቤቱ የሳፍያ መሆኑን አሳምሮ ያውቃል። የመሪጌታ ክፍል ለቀስተኛ አይችልምና ሳፍያ በሯን ወለል አድርጋ ስትከፍት፣ የዕድሩን ወንበሮች ተሸክሞ የገባው እሱ ራሱ ነው።

«ለእርስዎ ክብር ብለን እኮ ነው» አለ ዝቅ ብሎ።

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የታያቸው የሆስፒታሉ ኮሪደር ነበር። ሐኪሙ ወጥቶ «በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ አናስገባም» ሲል ማን ይግባ ብሎ የጠየቀው እሳቸውን አልነበረም፤ ሚስቲቱን ነበር። ሕጉ ለሳፍያ የሰጣት ያ በር ነው፤ ያለምዘውድ በዝናብ ቆማ የጮኸችው ስለዚያ በር ነው። ሳፍያም ወደ እሳቸው ዞረች። ሰባት ዓመት ሙሉ ሰላምታዋን በግማሽ አፍ ሲቀበሏት ለኖሩት ሽማግሌ «አቦይ፣ እርስዎ ይግቡ» አለቻቸው። ገቡ። የልጃቸውን እጅ ይዘው ዳዊት ደገሙላት። ዳዊቱ ሳያልቅ ያለምዘውድ አረፈች። ሳፍያ ኮሪደር ላይ ነበረች። የመጨረሻዋን ሰዓት ለአባት ሰጥታ፣ ለራሷ የተዘጋ በር ቀረላት።

ይህችን ሴት ነው «ምኗ ነሽ?» የሚሏት! ከሬሳ ላይ ከፈን መግፈፍ ነውር ከሆነ፣ ስም መግፈፍስ ምን ይባላል?

ወይዘሮ ኤልሳቤጥ እንደገና «ዳስሽን ልንጥል» ብለው ጀመሩ።

«ተይ፣ ኤልሳቤጥ!»

መሪጌታ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ።

«‹በሐሰት አትመስክር› የሚለው ትእዛዝ ‹ከልቅሶ ቤት በቀር› አይልም። ልጄ ባለትዳር ነበረች። ሚስቷ የሞተችባት ሴት ወጥ ቤት ቆማ ብርጭቋችሁን ታጥባለች፤ እናንተ ሻይዋን እየጠጣችሁ ከገዛ ቤቷ ልታስወጧት ትመክራላችሁ!»

«መሪጌታ!» ባሕሩ ደነገጠ። «እርስዎ ራስዎ ሲቃወሙ አልነበረም እንዴ?»

«ተቃውሜያለሁ። ቤተ ክርስቲያን ያልባረከችውን ዛሬም ተባርኳል አልልም። ነገር ግን የተቃወምኳት ፊት ለፊት ነው፤ አፍ እያላት፣ እየመለሰችልኝ። እናንተ ግን አፏ እስኪዘጋ ጠበቃችሁ። በቁሟ ‹አላገባሽም› ሊላት የደፈረ ከእናንተ ማን ነው? ይህ ሃይማኖት አይደለም፤ ካባ የደረበ ፍርሃት ነው።»

«እንዲህ ከሆነ ዕድሩ እዚህ አይቀመጥም» አለ ባሕሩ፤ ስልኩን አወጣ። «ካህናቱንም ደውዬ እመልሳለሁ።»

«መልሳቸው። ጸሎቱን እኔ አውቀዋለሁ።»

ባሕሩ የዕድሩን ወንበሮች ማጠፍ ጀመረ። የብረቱ ኳኳታ ቤቱን ሞላው። ገሚሱ ለቀስተኛ ጫማውን እየፈለገ ወጣ፤ ገሚሱ መውጣቱንም መቅረቱንም ፈርቶ ቆመ። ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ከተቀመጡበት ንቅንቅ አላሉም።

«እኔ ምን አውቄ?» አሉ አኩርፈው። «የነገሩኝን አለቀስኩ። ማንም እውነቱን የነገረኝ የለ።»

«አሁን ሰምተዋል» አላቸው ባሕሩ። «ይነሡ፣ ወንበሩ የዕድሩ ነው።»

«ውሰደው!» አሉና ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አሉ። ደረታቸውን አንድ ጊዜ መቱ፤ ሁለተኛውን ሊመቱ ሲሉ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ለዚህ ሐዘን የሚሆን ግጥም ፈለጉ፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ግጥም አጡ። ያለ ግጥም፣ ያለ ዜማ፣ እንደ ማንኛዋም ሴት አለቀሱ።

«ሳፍያ» ሲሉ ተጣሩ መሪጌታ።

የውኃው ድምፅ ቆመ። ሳፍያ እጇን ሳታደርቅ መጥታ ደፉ ላይ ቆመች። ስንት ጊዜ በስሟ እንደጠሯት ለማስታወስ የምትሞክር ትመስል ነበር። አንዲት ደግ እንግዳ ጠዋት ትከሻዋ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋላት ነበር፤ ሆኖም ከሙስሊም ቤተሰብ የተወለደች፣ ፍራንክፈርት ያደገች ናትና የሐዘኑን አለባበስ አላወቀችም፤ ያስተማራትም አልነበረም። የሌሎቹ ሴቶች ጥለት አንገታቸው ሥር ሲውል፣ የእሷ እንደ ዓመት በዓል ወደ ታች ወርዶ ነበር።

መሪጌታ በፍራሹ ላይ ጠጋ ብለው ከጎናቸው አስቀመጧት። ነጠላውን ከትከሻዋ አነሡት፤ ዘቀዘቁት፤ ጥለቱንም ወደ ላይ አድርገው አንገቷ ሥር አስተካከሉላት።