ዘጠና ኪሎ ከኋላ ወንበር

እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ ጎማ ስፈታና ሳስር አስራ ዘጠኝ ዓመቴ። ሴት ጎሚስታ አይቶ የማያውቅ ሰው ሲመጣ «ባለቤቱ የለም?» ይለኛል። ባለቤቱ እኔው ነኛ! በእኔ ቤት ደግሞ አንድ ሕግ አለ፤ ከኋላ ሰው ተጭኖ ሳይሞከር የጎማ ልክ አይመረጥም።

ቅዳሜ ጠዋት ታናሽ ወንድሜ ያቺን እንደ ሙሽራ የሚያሽሞነሙናትን ፈጣን መኪናውን ይዞ መጣ። ሞላዋን ዝቅ አስደርጓታል። አሁን ደግሞ ያማረው አስራ ስምንት ኢንች ቸርኬ ከባለ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ሰፊ ጎማ ጋር ነው።

«ይሰፋታል፤ ሰው ሲጫን ከጎማው በላይ ያለውን ፓራፋንጎ ይነካል» አልኩት። «አስራ ሰባት ቸርኬ፣ ሁለት መቶ ሃያ አምስት ጎማ አድርግ። የጎማው ጎን ከፍ ስለሚል ጉድጓድም ይችላል።»

«እትዬ ደግሞ! ከኋላ ሰው ካልተጫነ በምን ይነካል?»

«ማንንም አትጭንም?»

«ማንን ልጫን?» አለና የመኪናዋን ጣሪያ በእጅጌው ወለወለ። አንጀቴን በላው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የአባታችንን ታክሲ ሲያበር ከግንብ ጋር አላተመው። ሰው አልተጎዳም፤ ታክሲው ግን አለቀለት። ዕድሜ ልካቸውን ሾፌር የነበሩት አባታችን «አንተ በያዝከው መኪና ከእንግዲህ አልሳፈርም» ብለው ማሉ። እሱም ቤት መምጣቱን ተወ። መሀል ላይ የተቃጠልኩት እኔ ነኝ።

ሰፊዎቹን አሰርኩለት። ከፓራፋንጎው ውስጥ በግራም በቀኝም ጭቃ ለጠፍኩ፤ ጎማው ከነካ ጭቃው ላይ ይታያል። ከዚያ ለአባታችን ደወልኩና «ለሙከራ የሚጫን ሰው አጣሁ» አልኳቸው። ሁለት ሠራተኞቼ አጠገቤ ቆመዋል። አዎ፣ ዋሸሁ! ምን ላድርግ?

መጡ። መኪናዋን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። ልጃቸውን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

«ምያለሁ እኮ» አሉ።

«የማሉት ላለመሳፈር ነው። ማን ይሳፈሩ አለዎት? እኔን የቸገረኝ ዘጠና ኪሎ ጭነት ነው።»

«እኔ ጆንያ ነኝ እንዴ?»

«ለአምስት ደቂቃ ጆንያ ቢሆኑ ምን አለበት? በሞቴ አባዬ!»

እያጉረመረሙ ከኋላ ገቡ። እኔም ከጎናቸው ተቀመጥኩ፤ በክብደት ማንም አይበልጠኝም። ወንድሜ ቀስ ብሎ ነዳ። የመንገዱን ጉብታ ስንሻገር ግን ከበታቻችን ጭርር አለ።

«ነካ! በግራ!» ብለው አባታችን ጮኹ።

«በግራ ነው አባዬ?» አለ ወንድሜ ሳያስበው።

«በግራ ነው እንጂ! ጆሮህ የት ሄደ? ተመለስና እንደገና ሞክረው።»

ወይ ጉድ! ሁለት ዓመት ተዘግቶ የከረመ አፍ በጎማ ተከፈተ።

ተመልሰን ስናየው የግራው ጭቃ ተልጦ ወርዷል። «እንግዲህ ምረጥ» አልኩት ወንድሜን። «ብቻህን የምትነዳ ከሆነ ሰፊው አይነካብህም። ሰው የምትጭን ከሆነ ግን ጠባቡ ነው የሚያዋጣህ።»

ሰፊዎቹን ጎማዎች ዞሮ ዞሮ አያቸው። ስንት ወር ሲያልማቸው እንደከረመ አውቃለሁ። አባታችን ጆሯቸውን ጥለው ሌላ ቦታ ያያሉ።

«ጠባቡን እሰሪልኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ሰው ልጭን እችላለሁ።»

እንባዬ መጣ፤ እንዳያዩብኝ ቶሎ ብዬ ብሎን መፍታት ጀመርኩ። አስራ ሰባቶቹን አስሬ፣ ነፋሱን ለክቼ፣ መኪናዋን ከክሪኩ ሳወርድ አባታችን የፊተኛውን በር ከፍተው ገቡና ቀበቶ አሰሩ።

«አባዬ፣ ሙከራው አልቋል እኮ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «አሁን ጭነት አይደለሁም፤ ተሳፋሪ ነኝ።»

ወንድሜ ቁልፉን በሦስተኛው ሙከራ አስገባ። ከዚያ ያንን ሁሉ ጉልበት ያላትን መኪና እንደ እንቁላል ይዟት ወጣ፤ መታጠፊያው ጋ ሳይደርስ አንድ ባለብስክሌት ቀደመው።