የማይጠየቅ እጅ

ሴት ምን ታውቃለች፣ ፈታይ ምን ታውቃለች፣ ፊደል ያልቆጠረች ምን ታውቃለች! ይህን እየሰማ የሙሀባ ጆሮ ደንዝዟል። ከሮቢት እስከ አሊዩ አምባ የሚለበሰው ሸማ ግማሹ ከእሷ እንዝርት በወጣ ክር የተሠራ ነው፤ ሸማኔዎቹ ግን ልቃቂቱን ተቀብለው ሲያበቁ "አንቺ ዝም በይ" ይሏታል። ስለ ገዛ ባሏ ስትናገር እንኳ የሚያምናት ጠፋ።

ባሏ አብዱልሃዲ ከሸማኔ ሁሉ ቁንጮ ነበር። ጣሊያን ጣርማ በር ላይ ተራራውን ሲበሳ እየነዳ ከወሰዳቸው ሰዎች አንዱ እሱ ሆነ። በሦስተኛው ወር ፈንጂ ያስፈነጠረው ድንጋይ ጭንቅላቱን መታው። ቁስሉ ሻረ፤ ሰውየው ግን አልተመለሰም። በበቅሎ ጭነው ያመጡት ቀን ሙሀባ እያለቀሰች ብትጠመጠምበት፣ ገፋ አድርጎ፣ "እትዬ፣ ሰው ተሳስተው ይሆናል" አላት። ሠላሳ ዓመት አብሯት የኖረ ሰው!

ከዚያ ወዲህ ሥራው ግድግዳ ተደግፎ መዋል ሆነ። የበላውን ይረሳል፤ ስሙን ይረሳል። የሞቱትን ሁለት ልጆቹንም ረሳ። ይኼስ በጀው፣ ትላለች ሙሀባ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስትፈትል ዓይኗ እግሩ ላይ አረፈ። አውራ ጣቶቹ አቧራውን ይረግጣሉ፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። መጀመሪያ ዝንብ የሚያባርር መስሏት ነበር። ኋላ ነው የገባት። ሰውየው የሸማኔ ጉድጓድም ድርም በሌለበት ሸማ እየሠራ ነው።

ነጠላዋን ጣል አድርጋ ሐጂ ሷሊሕ ዘንድ ገሰገሰች። ሐጂ የሸማኔዎቹ አለቃ ናቸው፤ ሸማኔዎቹ እግራቸውን ከተው የሚሠሩባቸው ጉድጓዶችም በእሳቸው ግቢ፣ በሮቃው ዛፍ ሥር ናቸው። የአብዱልሃዲን ጉድጓድ ለወጣቱ ሸማኔ ለሐሚድ ሊሰጡት ቆርጠዋል።

"ለማንም አይሰጥም፤ ባለቤት አለው" አለች ሙሀባ።

"የቱ ባለቤት?" አለ አጠገባቸው የቆመው ሐሚድ እየሳቀ። "ትናንት 'እንዴት አደሩ ሼህ?' ብሎኛል። ጢም እንኳ የለኝ!"

"ጢሙንስ ተወው፤ ወግ ያለው ነገር ምን አለህ!" አለችው።

ሐጂ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። "ስሚ ሙሀባ፣ አንጎሉ የተመታ ሰው ሸማኔ አይሆንም። ክረምቱን ሙሉ የፈተልሽውን ክር አበለሻሽቶ ይጥልልሻል። ዘንድሮ ደግሞ ጥጥ የለም፤ ጣሊያን ጠራርጎታል።"

"ጭንቅላት አንድ ክፍል መሰልዎት እንዴ? እልፍኝም ጓዳም አለው። ስምና ወሬ እልፍኝ ነው የሚቀመጠው፤ እሱን ድንጋዩ አፈረሰው። የእጅ ሙያ ግን ጓዳ ይገባል። አባቱ ሰባት ዓመት ጉልበቱን በልምጭ እየመቱ ነው ያስገቡት፤ ከዚያ ራሱ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠቀጥቀው ኖረ። እኔስ ስፈትል እያሰብኩ ነው? እጄን ልብ ብዬ ያየሁ ቀን ክሩ ይበጠሳል።"

"ይህን ከየትኛው ኪታብ አገኘሽው?"

"ከእንዝርቴ።"

ሐጂ ወደ ባዶው ጉድጓድ ዞሩ። "እንግዲያው ይሞከር። ካበላሸ ጉድጓዱ የሐሚድ ነው።"

ሐሙስ ጧት ሸማኔዎቹ የሙሀባን ክር ድር አድርገው ወጠሩት። እሷም ባሏን እጁን ይዛ አመጣችው። ሐጂ መወርወሪያውን አንስተው፣ "ይህ ምንድን ነው?" አሉት።

አገላብጦ አየው። "ማንኪያ መሰለኝ፣ ጋሼ።"

ሸማኔዎቹ በሳቅ ፈረሱ።

"ማን ጠይቁት አለ?" ብላ ጮኸች ሙሀባ። "አስቀምጡት እንጂ!"

አስቀመጡት። እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ የጎበጠ ጀርባው ቀና አለ። የመርገጫውን ገመዶች በእግሩ አውራ ጣቶች ቆንጥጦ ያዘ። አንዱ እጁ መወርወሪያውን ላከ፤ ሌላው ተቀበለ፤ መታ። ላከ፣ ተቀበለ፣ መታ። የሳቁት ሰዎች ጉድጓዱን ከበው አንገታቸውን አሰገጉ። ክር ሲበጠስ ዓይኑን ሳይጥልበት በምራቁ አርሶ ቀጠለው።

"ወላሂ፣ ከእኔ ይሻላል" አለ ሐሚድ።

"ካንተ መሻል መች ይከብዳል!" አለች ሙሀባ።

የከሰዓት በኋላው የአስር ሰላት ሲቃረብ የሸማው ጫፍ ደረሰ። የአብዱልሃዲ እጅ ከጎኑ ወደተሰቀለው ባለቀለም ክር ሄደ። ቀይ ጣለ፤ በቀዩ መሃል ደግሞ ሦስት ጥቁር። ይህን ጥለት በዕድሜው ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሠራው፤ ለሙሀባ፣ በተጋቡ ዓመት። ሌላ ሲያዘው "አልችልበትም" ብሎ ይዋሽ ነበር።

ሙሀባ ወደ ጥለቱ ተጠጋች። ጓዳው ውስጥ እኔም አለሁ ማለት ነው፣ አለች በልቧ። ካለሁ ደግሞ ይጠራኛል። ሌላውን የከለከለችውን ራሷ አደረገችው፤ ጎንበስ ብላ፣ "አብዱልሃዲ፣ ይህ ጥለት የማን ነው?" አለችው።

እጁ ቆመ። የሰው እጅ እንደሚያይ ሁሉ እጆቹን አያቸው። መወርወሪያው ወደቀ፤ እግሩ ገመዱን ሳተ፤ ጥቁሩ ክር ተበጠሰ። ግንባሩን ላብ አጠመቀው።

"አላውቅም፣ እትዬ" አለ፣ ጅራፍ እንደሚጠብቅ ሰው። "የርስዎ ነው? አበላሸሁብዎት?"

"አላበላሸህም" አለች።  ተነሥታ ከሮቃው ግንድ ጀርባ ሄዳ ቆመች። የሚጠይቀው ሲጠፋ፣ ብዙም ሳይቆይ የመወርወሪያውን ድምፅ ሰማች፤ ላከ፣ ተቀበለ፣ መታ።

ሐጂ ቀስ ብለው ተከተሏት። "ክሩን ቀጥሎታል። ጉድጓዱ የሱ ነው፤ አንቺ እውነትሽን ነበር። በይ አሁን ነይና አጠገቡ ተቀመጪ።"

"አልቀመጥም።" በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። "ሐጂ፣ ቃል ይስጡኝ። እዚህ ግቢ ማንም ምንም አይጠይቀው፤ ስሙንም፣ ሚስቱንም። እኔም ክር ይዤ ስመጣ ከበር ላይ ይቀበሉኝ። ልግባ ብዬ ባለቅስ፣ ብለምን፣ ብሳደብም፣ እንዳያስገቡኝ።"