የአስናቀች ፊርማ

ምንይሉን በቴሌቪዥን «መሪያችን» ሲሉት ስሰማ ደሜ ይፈላል። እኔ ሐጀራ፣ እህል በረንዳ ጤፍ እየሸጥኩ፣ ሰባተኛ ሰፈር ከእናቱ ከአስናቀች ጋር ሠላሳ ዓመት ግድግዳ ተጋርቼ የኖርኩት፣ ማን እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ።

ፓርቲውን ሲያቋቁም አገር እየታመሰ ነበር። የፈራ ሰው ደግሞ ዘሩን ይቆጥራል። ምንይሉ ይህን አየና መከፋፈሉን ከሰፈራችን ዕድር ጀመረ። ወገኖቼ ከባዕድ ጋር አይላቀሱም፣ የራሳችን ዕድር ይኑረን አለ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ድንኳን ውስጥ ያለቀስንበትን ዕድር! ሰው ሲያመነታ የመልቀቂያ ወረቀት አውለበለበ፤ መጀመሪያ የፈረመችው እናቴ ናት አለ። ይኼኔ ግማሹ ተከተለው። እሱም በዚያው ተንጠላጥሎ ምክር ቤት ገባ። አዲሱ ዕድር ድንኳን እንኳ ሳይገዛ ፈረሰ።

አስናቀች ያን ጊዜ ታማ አልጋ ላይ ነበረች። ማን ደፍሮ ይንገራት?

ባለፈው ሚያዝያ አረፈች። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ፈለቀ ደንብ አጥባቂ ናቸው፤ ለቅቃለችና ድንኳን አይወጣላትም አሉ። ወረቀቱን ያሳዩኝ አልኳቸው። ከሥሩ ያማረ ፊርማ ተጥሎበታል። አስናቀች እኮ ፊደል አልቆጠረችም! ዕድሜዋን ሙሉ የፈረመችው በጣቷ ነው። ጋሽ ፈለቀም ይህን አላጡትም፤ ግን ልጁ ቃሉን ይስጥ አሉ።

ምንይሉ አጃቢና ካሜራ አስከትሎ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ጋሽ ፈለቀ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ልጄ፣ የፈረምከው አንተ ከሆንክ ወረቀቱ ውድቅ ነው። አሁኑኑ ድንኳን ይተከላል» አሉት።

የተጠየቀው አንድ ቃል ነበር። እናቱ ውስጥ ተገንዛ ተኝታለች። እሱ ግን ካሜራውን አየት አደረገና ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «እናቴ ራሷ ናት የፈረመችው» አለ።

ወላሂ፣ በጥፊ ላጮለው ምንም አልቀረኝ። ግን የቀብሩ ሰዓት እየደረሰ ነው። ደንቡ ለአባል እህት ድንኳን ይፈቅዳል። ወደ ጋሽ ፈለቀ ዞሬ፣ «እኔ አልለቀቅኩም። እህቴ ሞታብኛለች፤ ይጻፉልኝ» አልኳቸው።

ደንብ አጥባቂው ጋሽ ፈለቀ አንገታቸውን ደፍተው ጻፉ።

ድንኳኑ ተተከለ። ለቅሶ ደራሹ እየገባ እኔን አጽናና። ምንይሉ ጥግ ይዞ ብቻውን ተቀመጠ። ከገጠር የመጣች አንዲት ሴት በአገጯ እየጠቆመችው፣ ያ ደግሞ የሟች ምኗ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ምላሴ ላይ የመጣውን ዋጥ አደረግኩት።

«ልጇ ነው» አልኳት። አስናቀች ብትኖር እንዲያ ነበር የምትለው።